በወብሪያ ቤት የተሰበረው መቀስ

ወብሪያን በሰማዋ ከተማ ገበያ የማያውቃት የለም፤ የሚወዳት ግን ጥቂት ነው። ኢዛር የምንለውን የሱፍ ምንጣፍ ትጠልፋለች። ዋጋ የሚከራከራት ሲመጣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ «እዚያ ማዶ ርካሽ አለልህ፤ ቀለሙም ከእግርህ ጋር ተጣብቆ ቤትህ ድረስ ይሸኝሃል» ትለዋለች። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ። ምላሷን ብዙ ጊዜ ቀምሻለሁ። ቢሆንም ታሪኳን የምጽፈው ፈጣሪ በእሷ ደጅ ያሳየኝን ምሕረት ስለማልረሳው ነው።

በኢዛር ላይ የሚጠለፉት ምስሎች ጥቂት ናቸው፤ ግመል፣ ወፍ፣ ኮከብ፣ ማበጠሪያ፣ የዘንባባ ቅርንጫፍ። ወብሪያ ከእናቷ የተቀበለችው ያንኑ ነው፤ አንድም አልጨመረችበትም። በጠባብ በጠባብ ጨርቅ ላይ ትጠልፍና በመቀስ እየቆረጠች ትገጣጥማለች። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚውል አስቀድማ አትወስንም። ስለዚህ ከእጇ ሁለት አንድ ዓይነት ኢዛር ወጥቶ አያውቅም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባሏ ሙሐን የአባቷ ወንድም ልጅ ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም ሺናዋም ያገባው የአጎቱን ልጅ ከርጂያን ነው። አራቱም የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ ናቸው። ግቢዎቹን የሚለያቸው አንድ ግንብ ሲሆን፣ በግንቡ ላይ ሴቶቹ ጨውና እሳት የሚቀባበሉባት ጠባብ በር ነበረች።

በዚያች በር ሁሉም ነገር ያልፍ ነበር፤ ከጡት ወተት በቀር። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ ወንድምና እህት ደግሞ አይጋቡም። የሺናዋ ልጅ ፋሌሕና የሙሐን ልጅ ነጅላ እንዲጋቡ ገና ሳይወለዱ ተወስኗል። ስለዚህ በዚያ ቤተሰብ የአንዱ ወንድም ሚስት የሌላውን ልጅ ማጥባት ክልክል ነበር፤ ሕፃኑ ቢጮህም ይጩህ። ነጅላ የተወለደች ሰሞን ከርጂያ ፋሌሕን ታጠባ ነበር። ሺናዋ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከርጂያ! የዚያችን ልጅ አፍ ጡትሽ ላይ ባገኝ በሕይወት አትኖሪም!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወብሪያ ግን በወለደች በሳምንቷ የወሊድ ትኩሳት ይዟት ራሷን ሳተች። ስትነቃ ልጇ ደህና ነበረች። ማን እንዳቆያት ብትጠይቅ አማቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «በፍየል ወተት» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ነጅላ አደገች። ከእሷ በፊትና በኋላ የመጡት ግን አልሰነበቱም። ወብሪያ ሦስት ቀበረች፤ ከርጂያም ከፋሌሕ በኋላ ሁለት። ሁሉም ድምቡሽቡሽ ብለው ይወለዳሉ። ጥቂት ወራት ሲሞላቸው አፋቸው ውስጥ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ሳል ይይዛቸዋል፤ ተቅማጡ አይቆምም፤ ሌላው ልጅ ተጫውቶ የሚያልፈው ጉንፋን እነሱን ይወስዳቸዋል። ሺናዋ የራሱን ሁለት ሕፃናት ሞት ሳይቀር በወብሪያ ላይ ጣለው። በለቅሶ ድንኳን፣ ሰው ፊት፣ «ከዚህች ሴት ማህፀን የተጠቀመው መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነው» አለ።

ወብሪያም ከሴቶቹ መሃል ተነስታ፣ «ላንተ የቆፈረ ቀን እጥፍ እከፍለዋለሁ!» አለችው። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ።

የመጨረሻውን ልጅ ባግዳድ ወሰድነው። ሙሐን ያኔ በሕይወት ነበር፤ እኔም ማንበብ ስለምችል አብሬያቸው ሄድኩ። ሂያም የምትባል ቀጭን ሐኪም ሕፃኑን መረመረችው፤ የአባትና የእናቱንም ደም ወሰደች። መልሱ ሳይመጣ ልጁ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ ወብሪያ፣ «ለምን እንደሞተ ካልነገሩኝ አላርፍም» ብላ እኔን አስከትላ ተመለሰች። ለሐኪሟ ስጦታ አንድ ኢዛር ይዛ ነበር።

ዶክተር ሂያም ምንጣፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ምስሎቹን አየች። «እናቴ፣ ይህን ሁሉ ዓይነት ከስንት ምስል ነው የሚያወጡት?» አለች።

«ከጥቂት ነው። ሥራው መቁረጥና መቀጠል ነው።»

«የሰው ደምም እንደዚሁ ነው። በደማችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዷ ሕዋስ የራሷን መሣሪያ ትሠራለች፤ ፀረ እንግዳ አካል እንለዋለን። የበሽታው ዓይነት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ለእያንዳንዱ የሚሆን ሙሉ ንድፍ ተጽፎ ይቀመጥ ቢባል ገላችን አይበቃውም። ስለዚህ ከእናት ከአባት የወረስነው ቁርጥራጩን ነው። ሕዋሷ ስትፈጠር ከአንዱ ክምር አንድ፣ ከሌላው አንድ፣ ከሦስተኛውም አንድ ታነሳለች፤ ቆርጣ ትቀጥላለች። ጎረቤቷ ሌላ ታነሳለች። የአንዷ የሌላዋን አይመስልም። ማንም ያላየው በሽታ እንኳ ቢመጣ፣ ከዚያ ሁሉ መሃል የሚገጥመው አይጠፋም።»

«የኔ ልጆች ታዲያ ቁርጥራጩ ጎደላቸው?»

«ቁርጥራጩስ ሙሉ ነው። የተሰበረው መቀሱ ነው። መቀስ ከሌለ ምንጣፍ የለም። እነዚያ ሕዋሳት ሳያድጉ ይቀራሉ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚቆየው በማህፀን ሳለ ከእርስዎ በወሰደው ነው፤ እሱ ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል።»

ከዚያም ቀስ ብላ አስረዳችን። ሰው ሁሉ ሁለት መቀስ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ደህና ከሆነ ሥራው አይጓደልም፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ይኖራል። ወብሪያና ሙሐን አንድ አንድ የተሰበረ ይዘዋል። ከሁለቱም የተሰበረውን የወሰደ ልጅ ነው የሚሞተው። ከባዕድ ቤት ቢጋቡ ሁለት ስብራት መገናኘቱ ብርቅ ነበር፤ ከአንድ አያት ሲወረድ ግን ቅርብ ነው። ወደፊት እንዲህ ያለ ልጅ ቢወለድ ሳይታመም ከደረሰላት ከወንድሙ ወይም ከእህቱ መቅኔ ወስዳ ልታድነው እንደምትሞክርም ነገረችን።

«ስለዚህ የሰው ዓይን አይደለም» አለች ወብሪያ።

«አይደለም።»

«የሺናዋም አፍ አይደለም።»

«ሺናዋ ማነው?»

«ሌላ በሽታ ነው፤ እሱን ይተዉት።»

በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ መቁጠሪያዬን ይዤ ተደንቄ ተቀመጥኩ። ጌታዬ ለእያንዳንዱ ክፉ ቀን ጋሻ ሠርቶ አልሰቀለልንም፤ ጨርቅና መቀስ ሰጥቶ ነው የላከን እያልኩ አሰብኩ። ወብሪያ ግን በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። ሰማዋ ስንደርስ፣ «ነጅላ ፋሌሕን አታገባም» አለች። ኋላ የነጅላ ደም ሲመረመር አንዱ መቀሷ የተሰበረ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ወብሪያ የኖረችው ለዚህች አንዲት ነገር ነው፤ ልጇ እሷ የቀበረችውን እንዳትቀብር።

ሙሐን ብዙም ሳይቆይ በናሲሪያ መንገድ የጭነት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። የቤቱ ቃል በሺናዋ እጅ ገባ። ነጅላ ትምህርቷን ስትጨርስ ራዛቅ የሚባል የሩመይታ መምህር ሽማግሌ ላከባት። በአገራችን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልሱን ሳይሰማ የቀረበለትን ሻይ አይቀምስም። ሽማግሎቹ ሻዩን ከፊታቸው አስቀምጠው ገና ንግግር ሲጀምሩ ሺናዋ በጠባቧ በር ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ።

«በዚህች ልጅ ላይ ነህዋ አለን» አለ።

ነህዋ የአጎት ልጅ ክልከላ ነው። የአባቷ ወንድም ልጅ ካልለቀቃት ሌላ ሰው አያገባትም፤ የደፈረውን ጥይት ይጠብቀዋል። መንግሥት ይህን በሕግ ከልክሏል። ሕጉ ግን ከባግዳድ ተነስቶ እኛ ሰፈር ሲደርስ ይደክመዋል። ሽማግሎቹ ተያዩና ተነሱ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ። ፋሌሕ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ጥፍሩን ያያል።

ወብሪያ ያን ቀን ለሺናዋ በዕድሜዋ ብላው የማታውቀውን «እርስዎ» አለችው። «የፋሌሕ አባት፣ ይስሙኝ። ልጅዎን አልጠላውም። አንድ ብልቃጥ ደም ይስጥና ይመርመር። መቀሱ ደህና ከሆነ ሙሽሪትን እኔው አልብሼ በዚህች በር አስገባልዎታለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«የልጄን ደም? የአባቴን ዘር ባግዳድ ወስደሽ ብልሹ ነው ልታሰኚ?»

«እኔም እኮ የዚያው ዘር ነኝ።»

«አንቺ ሴት ነሽ። በሴት የመጣ ጉድለት በሴት ይቀራል። ከበዓሉ በኋላ ሠርግ ነው። እምቢ ካልሽ ማንም አያገባትም፤ እዚሁ ግድግዳ ሥር ጸጉሯ ይሸብት!»

«እርስዎ»ው እዚያ ላይ አለቀ። «አንተ! የምትታለብ ጎሽ ስትገዛ ጥርሷን ከፍተህ፣ ጡቷን ዳብሰህ፣ እናቷን ጠይቀህ ነው የምትገዛው። ለልጅህ ሚስት ሲሆን ዓይንህን ትጨፍናለህ!»

«ጎሽ ወተት ትሰጣለች» አለ ሺናዋ፤ «አንቺ የሰጠሽው ከፈን ነው።» በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

በማግስቱ ወብሪያ በጠባቧ በር ከርጂያን ጠራቻት። ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበርና ሁሉንም አየሁ። ወብሪያ ቁርጥራጭ ጨርቅና መቀስ ይዛ ሐኪሟ ያለችውን እያሳየች ነገረቻት። ከርጂያ እጇን አጣጥፋ ቆማ ሰማች።

«ጨረስሽ?» አለች።

«አልጨረስኩም። ከርጂያ፣ ሁለቱ ልጆችሽም የሄዱት በዚሁ ነው።»

«የኔን ልጆች አታንሺ! እነሱን የበላቸው ያንቺ ዓይን ነው።»

«የኔ ዓይን ይህን ያህል ቢሠራ ባልሽ እስካሁን በእግሩ ይሄድ ነበር? ደግሞ አታንሺ ትይኛለሽ፤ አንቺ ራስሽ ከተቀበሩ ወዲህ ስማቸውን ጠርተሽ ታውቂያለሽ?»

ከርጂያ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። ወብሪያ መሬት ላይ ተፍታ ገባች። እኔ ግን ከላይ ስለነበርኩ በሩ ማዶ ያለውንም አየሁ፤ ከርጂያ አልሄደችም። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ቆማ ቀረች።

የራዛቅ ሰዎች፣ «ተስፋ አልቆረጥንም» ብለው ላኩ። በዚያው ሳምንት የሺናዋ ወገኖች በመኪና ሄደው በራዛቅ አባት የቤት በር ላይ ጥይት አርከፈከፉ። ሰው አልሞተም፤ የውሃ ታንከሩ ተበስቶ ግቢው ረጠበ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁለት ነገድ ጠብ ሆነ። ደም ከመፍሰሱ በፊት የነቢዩ ዘር በሆኑት ሽማግሌ በሰይድ ሙሕሲን ፊት እንዲያልቅ ተባለና በሸምበቆ በተሠራው ትልቁ የእንግዳ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሴት እዚያ አትገባም፤ እኛ ከውጭ በሸምበቆው ግድግዳ ሥር ተቀምጠን አዳመጥን።

ወንዶቹ ስለ ክብር ብዙ ተናገሩ። ወብሪያ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ከግድግዳው ማዶ ጮኸች፤ «ሰይዲ! አንድ ብልቃጥ ደም ይስጥ በሉት! ሌላ አልጠየቅኩም!»

«የባግዳድ መቀስ መጣች!» አለ አንዱ ከውስጥ፤ ሳቁ ሸምበቆውን አነቃነቀው።

ሰይድ ሙሕሲን አልሳቁም። «ነህዋ ሃይማኖት አይደለም» አሉ። «ነገር ግን የነገዶቹ ስምምነት ነው፤ ባለቤቱ ካልተወው እኔ ልሰብረው አልችልም። የሰው ደምም በግድ አላስቀዳም። ሺናዋ፣ ለእኔ ስትል ተወው።»

«ለእርስዎ ነፍሴን እሰጣለሁ፤ ይህን ግን አልሰጥም።»

ሰይዱ አንገታቸውን ደፉ። ወብሪያ ሸምበቆውን በጥፍሯ ጨበጠች፤ እጇ ሲቆረጥ አላወቀችም። ነገሩ አልቆ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከርጂያ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደ አዳራሹ ደፍ ሄደች። ሴት በዚያ ደፍ ላይ ስትቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሰይዲ፣ ወንድምና እህት ይጋባሉ?» አለች።

«ማን ናት?»

«የሺናዋ ሚስት፣ የፋሌሕ እናት ነኝ።»

«ከርጂያ! ቤትሽ ግቢ!» አለ ሺናዋ።

«ወብሪያ በትኩሳት ራሷን የሳተች ጊዜ ነጅላን ያጠባሁ እኔ ነኝ። የፍየሉን ወተት ታስመልሰው ነበር፤ እየመነመነች ሄደች። አማቴ በሩን ጠበቁልኝ፤ እኔ ጭድ ቤት ተደብቄ አጠባኋት። በአንዱ ጡት ፋሌሕን፣ በአንዱ እሷን። እናቷ እስክትነሳ ድረስ፣ ቀንም ሌሊትም።»

ሰይዱ ቀና አሉ። «ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ በመሃል ሌላ ሳትቀምስ?» አሉ፤ በሕጋችን ጡት የሚያዛምደው ያን ያህል ሲጠባ ነውና።

«ከዚያ በላይ ነው፣ ሰይዲ።»

«ትዋሻለች!» ሺናዋ ተነሳ። «ያቺ ናት ያስጠናቻት!»

«እሷ? እኔና እሷ እኮ ሰላም እንኳ አንባባልም! አገር ያውቃል!» አለች ከርጂያ። በዚህ የሳቀ ሰው ነበር፤ እውነትነቱን ሁሉም ስለሚያውቅ።

«ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» ሲሉ ሰይዱ ጠየቁ።

«ይገድለኛል ብዬ። ቀኑ ሳይደርስ አንዳቸው ሌላ ያገባሉ እያልኩም ራሴን አታለልኩ። አሁን ግን ሌላ ሕፃን መቅበር አልችልም።»

«በአባስ ስም ትምያለሽ?»

አላህ መሐሪ ነው እያለ በስሙ በሐሰት የሚምል ደፋር አይጠፋም። በቁጡው ሰማዕት በአባስ ስም በሐሰት ምሎ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ግን በእኛ አገር የለም። ከርጂያ ቀኝ እጇን አንስታ፣ ድምጿ ሳይሰበር ማለች። ሺናዋ ሊይዛት ሲወረወር አራት ሰው ያዘው። «ቤቴን ብትረግጪ!» እያለ ይጮሃል። ሰይድ ሙሕሲን ግን፣ «ነጅላና ፋሌሕ የጡት ወንድምና እህት ናቸው። እዚህ ነህዋ የለም» ብለው ተነሱ።

ወብሪያ ከርጂያን የምታቅፋት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ሄዳ ቆመችና፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለሽ ነበር?» አለቻት።

«አንቺስ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሰድቢኝ አልነበር?»

በዚያው ዕለት ከርጂያ ጓዟን ቋጥራ በዋናው በር መጣች። «ምን ፈለግሽ?» አለች ወብሪያ። «መንገድ ጠፍቶኝ ነው» አለች ከርጂያ፤ ገብታ ተቀመጠች። ሺናዋ ጠባቧን በር በጡብ ዘጋት። እሱ ከዚያ ሲደረድር ከርጂያ ከዚህ፣ «ሲሚንቶው ቀጥኗል!» እያለች ታበሽቀው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው ይጠልፋሉ፤ አብረውም ይጣላሉ። የእናት ወተት እሷ በዕድሜዋ የሠራቻቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ወደ ልጅ እንደሚሄድ አንብቤ ነገርኳቸው። ያንን የነገርኩ ቀን ምነው ዝም ባልኩ አልኩ።

«ሰማሽ? የልጅሽ ጤና የኔ ወተት ነው» አለች ከርጂያ።

«ግትርነቷስ?» አለች ወብሪያ።

«እሱ ያንቺ ይሻላል ብዬ ለአንቺ የተውኩት ነው።»

ፋሌሕ አንድ ቀን በመንገድ በኩል ዞሮ መጣ። ደፉ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ወብሪያ፣ የዚያችን ሐኪም ቦታ ንገሪኝ» አለ። ለአባቱ ሳይነግር ባግዳድ ሄዶ ደሙን ሰጠ። መልሱን ይዞ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። የእሱም አንዱ መቀስ የተሰበረ ነበር። ወብሪያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አቆመች። ከዚያ ከርጂያ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «ሐይደር፤ ሩቀያ» አለች። የሁለቱ ሕፃናቷ ስም ነው። ወብሪያ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፤ ስድብ አልጨመረችበትም።

ነጅላ ለራዛቅ ስትዳር አባቷ ስለሌለ እጇን ይዞ ወደ መኪናው የሚያደርሳት ወንድም ያስፈልግ ነበር። የጡት ወንድሟ ፋሌሕ ያዛት። ሰፈሩ እልል ሲል ሺናዋ ጣሪያው ላይ ብቅ አለ። በእጁ ጠመንጃ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ። አፉ ግን ነበረው።

«ወተት ደም አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «ሰምታችኋል? ወተት ምንም አይደለም!»

እልልታው ቆመ። ከርጂያ ሻሿን ወደ ኋላ ወርውራ ቀና አለች።

«ምንም ካልሆነ ታዲያ ለምን ከለከልከኝ?»

ሺናዋ ከጣሪያው ወረደ። ፋሌሕ የእህቱን ቀሚስ ጫፍ ሰብስቦ የመኪናውን በር ዘጋላት።